«በኮታ ነው የገባሽው» ለተባለችው ተማሪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሐዋሳ ነው። ረዘም ስለሚል ቆረጥ ቆረጥ አድርጌዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እዚህ ሐዋሳ የምማር የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ወገኖቻችን ሐዲቾ ይባላሉ። ሰው እኛን እንዴት እንደሚያየን እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶ አልሞላልኝም። በሬሜዲያል፣ በማካካሻ ትምህርቱ፣ ነው ያለፍኩት። ሬሜዲያሉንም ያገኘሁት ለሴቶች ዝቅ በተደረገው ነጥብ ነው። ይህን የክፍሌ ልጆች ያውቃሉ። የፍሬሽማን የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቴ 3.1 ነው። አሁን ዲፓርትመንት ልንመርጥ ነው። እኔ መካኒካል ኢንጂነሪንግ እፈልጋለሁ። ይህን ስናገር አንዱ ልጅ ‹በኮታ ገብተሽ ደግሞ መካኒካል? ሁለተኛ ዓመት ላይ ትባረሪያለሽ› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። የሚረዳኝ አጎቴ ደግሞ ‹ነርሲንግ ግቢና ቶሎ ጨርሰሽ እናትሽን እርጂ፤ ሴት ልጅ በብረት መሐል ምን ትሠራለች› ይላል። አማርኛዬም እንግሊዝኛዬም ስለሚያስቃቸው ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም። እናቴ ‹ካስፈራሽ ይቅርብሽ› ብላኛለች። ላፕቶፕም የለኝም። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? መ. ነኝ፣ ከሐዋሳ።»

ውድ መ.፣

ግቢበት። መልሱን ያስቀደምኩት የምርጫው ቀን እንዳያልፍብሽ ብዬ ነው። ምክንያቴን ደግሞ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ከኮታው ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነበው ከአጎትሽም ከላፕቶፑም በላይ ውስጥሽን የሚበላው እሱ እንደሆነ ገባኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ ሁሉ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ቁጥሩን እያየሽ አስቢው። አስጠኚ የተቀጠረላቸው የከተማ ልጆች ወድቀዋል። ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት የተማሩም ወድቀዋል። ሬሜዲያል የተጀመረው ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ነው። ከዚያ ውስጥ ተነስቶ ፍሬሽማን ላይ 3.1 ያመጣ ሰው የሚያፍርበት ነገር አይታየኝም።

ለሴቶች ነጥቡ ዝቅ መደረጉም የማንም ችሮታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸውን የእኩልነት መጓደል ለማካካስ ልዩ ድጋፍ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ከ1987 ጀምሮ እዚያ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። በታዳጊ ክልሎችና በአርብቶ አደር አካባቢ ላደጉ ልጆችም ተመሳሳይ ድጋፍ ሲደረግ ኖሯል። ምክንያቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዷ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ከእናቷ ጋር ሸክላ ተሸክማ ገበያ አድርሳ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነው ትምህርት ቤት የምትደርሰው። ሌላው በሰርቪስ መጥቶ ቁርሱን እዚያው ይበላል። የእሷ 45 እና የእሱ 52 አጠገብ ለአጠገብ ተጽፈው ሲታዩ ማን ጎበዝ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው ካለ ልስማው።

ያ ነጥብ የሠራልሽ ደግሞ በሩ ላይ ብቻ ነው። ጄነራል ፊዚክስ ስትፈተኚ ወረቀትሽ ላይ «ይቺ የኮታ ናት» ተብሎ አልተጻፈም። 3.1ን ማንም አልጨመረልሽም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለከተሜውም ለገጠሩም። ስለዚህ ያ ልጅ ሌላ ቀን ከጀመረሽ «ያንተ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ትንሽ ተንኮል አለው፤ ግን አንዳንዴ ደስ ይላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ደስ የማይል ነገርም ልጨምር። ልዩ ድጋፍ ያስገባሻል እንጂ ያልተማርሽውን አያስተምርሽም። 11ኛ ክፍል መምህር ጠፍቶ የታለፈው ምዕራፍ ዛሬም እንደተከፈተ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኢንጂነሪንግ ሜካኒክስ የሚጥላቸውን ልጆች ብታያቸው፣ ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው አዲሱ ትምህርት አይደለም። አንድን ኃይል ወደ አግድምና ወደ ቁም መበተን ሲገባቸው ሳይንና ኮሳይኑ ይምታታባቸዋል። ያ የ10ኛ እና የ11ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ስለዚህ ክረምቱን በሦስት ነገር ላይ አሳልፊው፦ ትሪጎኖሜትሪ፣ ቬክተር፣ ዲሪቬቲቭና ኢንተግራል። የ11ኛና የ12ኛ መጽሐፍሽን አውጪና ጥያቄዎቹን በእጅሽ ሥሪያቸው። አሰልቺ ነው። ያለ እሱ ግን ገና በጥቅምት ትንፋሽ ያጥርሻል።

አሁን «ትባረሪያለሽ» ወዳለው ልጅ ልመለስ። እዚህ ላይ ስለ አንድ የሒሳብ መምህር ልንገርሽ። ዩሪ ትሪስማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ በሚባለው የሒሳብ ትምህርት ላይ ይወድቁ ነበር። ለምን ሲባል መምህራኑ መልስ አላጡም። ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ከቤት የሚገፋቸው የለም ይሉ ነበር። የእኛ ሰው «ሴቶች ፊዚክስ አይሆንላቸውም» እንደሚለው መሆኑ ነው።

ትሪስማን ግምቱን ትቶ ልጆቹ ወዳሉበት ሄደ። ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚተኙ፣ እንዴት እንደሚያጠኑ አየ። ካልኩለስ ላይ ጥሩ ያመጡ የነበሩትን የቻይና ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎችም ጎን ለጎን ተከታተለ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ቤተሰቦቻቸውም ልጆቻቸው እንዲማሩ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ልዩነቱ እነሱ የሚያጠኑት ለብቻቸው መሆኑ ነበር። በራቸውን ዘግተው ለሰዓታት ይቀመጣሉ። ጥያቄው እምቢ ሲላቸው ችግሩ የእነሱ እንደሆነ ይቆጥሩታል። ሌሎቹ ግን መጀመሪያ ለየራሳቸው ይሠሩና ማታ ተገናኝተው መልስ ያመሳክራሉ። አንዱ የሌላውን ስህተት ይነቅሳል። አንድ ጥያቄ ለሁሉም ካቃተ፣ ጥያቄው ራሱ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ማንም «እኔ ደደብ ነኝ» ብሎ አይተኛም።

ከዚያ ትሪስማን ተማሪዎቹ አብረው የሚሠሩበት ወርክሾፕ አዘጋጀ። የደካሞች ማጠናከሪያ አላለውም፤ ይሰጣቸው የነበረው ጥያቄ ከመደበኛው ይከብድ ነበር። በዚያ ያለፉት ጥቁር ተማሪዎች ውጤታቸው በጣም ተሻሻለ። ያው ልጆች፣ ያው ካልኩለስ።

እጄን አላወጣም ያልሽው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ስድቡ ያልፋል። ዝምታው ግን ብቻሽን ያስቀርሻል፤ ብቻውን የቀረ ተማሪ ደግሞ ምን እንዳልገባው እንኳ የሚያውቀው ፈተና ወረቀት ላይ ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንት በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት የጥናት ቡድን ፈልጊ። «አንድ ለአምስት» ተብሎ በወረቀት የሚደራጀውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእውነት የሚቀመጥ፣ አራት ወይም አምስት ሰው ያለበት ቡድን ነው የምልሽ። ቢያንስ አንዲት ሌላ ሴት ብትኖርበት ጥሩ ነው። ሰቃይ ብቻ አትሰብስቡ፤ ሰቃዩ ሠርቶ ሌላው ይገለብጥና ያልቃል። ሁሉም ዎርክሺቱን ለብቻው ሞክሮ ይምጣ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ነጭ ሰሌዳው ላይ ያስረዳ። አስረጂዋ ብዙ ጊዜ አንቺ ሁኚ። የሚገባሽ ስታስረጂ ነው።

ስለ ቋንቋው ያልሽውን አንድ የሚስቅ ሰው አይወስነው። በቤትሽ ሲዳሙ አፎ ትናገሪያለሽ፣ ለእኔ በአማርኛ ጻፍሽልኝ፣ ፈተናሽን በእንግሊዝኛ ትሠሪያለሽ። የሚስቁብሽ ልጆች ስንቱን ቋንቋ እንደሚችሉ አላውቅም። ቡድንሽ ውስጥ የአገርሽ ልጆች ካሉ ቴርሞዳይናሚክስን በሲዳሙ አፎ ተከራከሩበት፤ መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፉት። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ለጊዜው ካቃተሽ ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ከክፍል በኋላ ከጓደኛሽ ጋር ወደ መምህሩ ሂጂ። የምትጠይቂውም «አልገባኝም» በሚል አይሁን፤ «እስከዚህ ሠራሁ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» በይው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅን ተማሪ የሚያባርር መምህር ጥቂት ነው።

የግቢሽን የሥርዓተ ፆታ ቢሮም ፈልጊው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ሴቶች ግን «ደካማ ናት እንዳልባል» ብለው አይሄዱም። ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። ነጥብ እሰጥሻለሁ ብሎ የሚያስቸግርሽ መምህር ቢገጥምሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እሱ ቢሮ ብቻሽን አትሂጂ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ፤ ቀኑንም ጽፈሽ ያዢ። ለዚያው ለሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ ለምታምኚያት አንዲት መምህርትም ንገሪ። ዝም ብለሽ ዲፓርትመንት አትቀይሪ።

አሁን ወደ እናትሽ ሥራ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር አልለቅ ብሎኝ ነው የሰነበተው።

በሲዳማ ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ብረት ቀጥቃጩን አብረውት የማይበሉት፣ የማይጋቡት ሰው አድርጎ ያቆየ ልማድ አለ። ሲዳማ ብቻም አይደለም። ሰሜኑም ብረት ሠሪውን ቡዳ እያለ ማረሻውን ግን ከእሱ ሲገዛ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አንቺም ስለ ወገኖችሽ ስትጽፊልኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነው። ያው ሕዝብ ደግሞ ልጁ ኢንጂነር እንዲሆንለት ይሳላል። ምን ሊያጠና? ብረት እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ጭቃ እንዴት እንደሚጠነክር! ይህ ነገር ያስቀኛል፤ ያናድደኛልም።

እናትሽ ጭቃው ውስጥ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅል ይሆናል። ለምን? ንጹሕ የሸክላ አፈር ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ገሉ መኮማተሩን ይቀንሰዋል፤ ውስጡ ያለው ውሃም የሚወጣበት ክፍተት ይፈጥራል። ዕቃው እሳት ላይ ሲውል ደግሞ ትንሿ ስንጥቅ እንዳትሮጥ ያቆማታል። ከመተኮሷ በፊት በጥላ ቀስ አድርጋ የምታደርቀውስ? ውስጡ የቀረ ውሃ እሳቱ ውስጥ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን እንዳያፈነዳባት ነው። ማቴሪያል ሳይንስ የሚባል ኮርስ ትወስጃለሽ። ይህንኑ ታገኚዋለሽ፤ ግራፍ ተጨምሮበት። በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነገሩን በእጁ ነክቶ የሚያውቀው ተማሪ አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የኤሌክትሪክ ምጣድንም ተመልከቺ። ከቆርቆሮው በላይ የተሰመረ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ ግን ያው ሸክላ ነው። አንዱ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 አምፖል ባንዴ እንደማብራት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲጥድ መብራቱ የሚፈዘው ወዶ አይደለም። ሸክላው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ስለሆነ የመጀመሪያው እንጀራ እስኪጋገር ብዙ ኃይል ይሄዳል። ወደ ታች የሚያመልጠው ሙቀት ደግሞ ቆርቆሮውን ብቻ ያግላል። ሸክላውን ብናሳሳውስ? ይሰነጠቃል። ምን ያህል ቢሳሳ፣ በምን ቢቀየጥ፣ ከሥሩ ምን ቢደረግለት ይሻላል? ይህ የሙቀት፣ የማቴሪያልና የገንዘብ ጥያቄ ባንድ ላይ ነው። ብዙው ኢንጂነር ሽቦውን ያውቃል፤ ሸክላውን አያውቅም። ሸክላ ሠሪዋ ሸክላውን ታውቃለች፤ ስለ ሽቦው የነገራት የለም። ላቀች ምድጃን አይተሽ ከሆነ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ቆርቆሮ ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ ሲገናኙ ከሰል የሚቆጥብ ዕቃ ወጣ። ያው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከአሁኑ አገኘሁልሽ።

ቀልዴን ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሆንሽ ዕድሜ ልክሽን ሸክላ ላይ ሙጭጭ በይ አላልኩም። የአውሮፕላን ሞተር ካማረሽ እሱን ያዢ። ግን ከባዶ እንደማትጀምሪ እወቂው።

አጎትሽ ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ሒሳብ ይዟል። ነርሲንግ 4 ዓመት፣ ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት። ለሚረዳሽ ሰው አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አትናቂው። ነርስነት ትልቅ ሙያ ነው፤ የሚወደው ሰው ሲሠራው። አንቺ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ነርሲንግ እወዳለሁ ያልሽበት አንድ ቦታ አላገኘሁም። ለእሱም እንዲሁ በይው። ክርክር አታንሺበት። ከተቻለ እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው፣ የቀድሞ መምህርሽ ወይም የቀበሌያችሁ ሽማግሌ፣ አብሮሽ ቁጭ ይበል። እናትሽም ትኑር። «ካስፈራሽ ይቅርብሽ» ያለችው ፈርታልሽ ነው፤ እንደማትፈሪ ስትሰማ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል።

ስለ ሥራው ግን አጎትሽ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክል ነው። አልዋሽሽም። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ወሰነ። የኢንጂነሪንግ ወንበር በአንድ ጊዜ በዛ። ላብራቶሪውና ፋብሪካው ግን እኩል አልበዛም። ዲግሪውን ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ሳትሳፈሪበት አልቀረሽም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ተስፋ ነበረበት። አገሪቱ ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ብዙዎች ሥራቸውን አጥተዋል። ዲግሪ ብቻውን ሥራ አይሰጥሽም ማለቴ ነው።

ቢሆንም ፓርኩን ራሱን ሌላ ጎን አዙረሽ እዪው። እዚያ ካለው ሠራተኛ አብዛኛው እንዳንቺ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። የስፌት ማሽኑ ላይ እነሱ ይቀመጣሉ። ማሽኑ ሲቆም የሚጠራው መካኒክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ደመወዙም የሚለያየው እዚያ ላይ ነው። የፓርኩ ቆሻሻ ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ታክሞ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውልበት ጣቢያ አለ፤ እሱንም ፓምፕና ቫልቭ የሚገባው ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ወደ ገጠሩ ውጪ፤ በመኸር ጊዜ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲበላሽ ቀይ ቡናው ተቆልሎ ጥገና ይጠብቃል። ቡና ቀን አይሰጥም። የሲዳማን ገበሬ በቋንቋው እያናገረች ማሽኑን የምትፈታ ሴት መካኒክ ብትገኝ ማን ይመልሳታል? ኢንተርንሺፕሽን ስትመርጪ ወረቀት የምትፈርምልሽን መሥሪያ ቤት ትተሽ እጅሽን የሚያቆሽሽሽን ፈልጊ። ሲኒየሮችሽን ጠይቂ፤ የትኛው ጋ ሻይ ብቻ እንደሚጠጣ ያውቃሉ።

«ሴት ልጅ በብረት መሐል» ላለው ደግሞ፣ እኔም ቱታ ለብሼ ፋብሪካ ውስጥ የሠራሁ ነኝ። ችግር የለም አልልም። በቁጥሬ የሚሆን ሴፍቲ ጫማ ጠፍቶ የወንድ ጫማ በሁለት ካልሲ አድርጌያለሁ። የመፀዳጃ ቤቱን ነገር ተዪው። ጥበቃው «ጸሐፊዋ ነሽ?» ብሎኛል። ይህ ሁሉ የሚስተካከል ነገር ነው፤ የሚስተካከለውም እኛ ስንበዛ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከምህንድስና ተመራቂዎች ሴቶቹ 28 በመቶ ናቸው። ክፍል ውስጥ ጥቂት ሆናችሁ ብትገኙ የሐዋሳ ጉድ ብቻ አይደለም። አጎትሽ «ትወልዳለች» ካለም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። ወሲባዊ ትንኮሳንም ይከለክላል።

የታዋቂ ሴቶች ስም እየደረደሩ «አይዞሽ» ማለት አልወድም። ሁለት ስም ብቻ ለአጎትሽ ያዢለት። ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የአፋር ልጅ ናት። በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆናለች። ሌላዋ አሜሪካዊቷ ኢዲት ክላርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤም.አይ.ቲ. ከሚባለው ተቋም በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ከዚያ በኋላ ግን ኢንጂነር አድርጎ የሚቀጥራት አላገኘችም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የስሌት ሠራተኞች ኃላፊ አደረጋት። ትታ ኢስታንቡል ሄዳ ፊዚክስ አስተማረች። ስትመለስ በ1922 ያው ኩባንያ በኢንጂነርነት ቀጠራት። ዛሬ ፓወር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሚማሩ ጓደኞችሽ «ክላርክ ትራንስፎርሜሽን» እያሉ የሚሸመድዱት የእሷን ነው። ብዙዎቹ ወንድ ይመስላቸዋል።

ወርክሾፕ ስትገቢ ግን አንዲት ሕግ ጠብቂልኝ። ነጠላ የለም፣ ጫፉ የሚንጠለጠል ሻሽ የለም፣ የተፈታ ፀጉር የለም። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ሌዝ ማሽን የማንንም ፆታ አይጠይቅም።

የላፕቶፑን ነገር አትጨነቂበት። የሁለተኛ ዓመት ዋና ዋና ኮርሶች በወረቀትና በእርሳስ የሚሠሩ ናቸው። አውቶካድና ሶሊድወርክስ የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች ሲመጡ የግቢው ኮምፒውተር ላብ አለ፤ ማለዳና ምሳ ሰዓት ላይ ክፍት ወንበር አይጠፋም። ሦስተኛ ዓመት ስትደርሺ ያገለገለ ግዢ። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ይበቃል። ከመግዛትሽ በፊት ሶሊድወርክስ አስከፍተሽ እዪው፤ «ይሠራል እኮ» የሚለውን ነጋዴ ዝም ብለሽ አትመኚ። አሁን በእጅሽ ያለውን ብር ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ግዢበት። ቅጹ ላይ መካኒካልን አንደኛ አድርጊው፤ የሞላሽውን ቅጽ ደግሞ ፎቶ አንስተሽ አስቀሪው።